ሀፍሷና የገርሙሳ እናቶች

ሀፍሷ ሙናዊር ሥራዋን ለሰፈሯ ሰው ማስረዳት ከብዷት ነው የኖረችው። አንዋር መስጊድ አካባቢ ሰው ሥራው ምን እንደሆነ ሲጠየቅ በእጁ ይዞ ያሳያል፤ ቅመም ሻጩ ኮረሪማውን፣ ልብስ ሰፊው መቀሱን፣ ጨርቅ ነጋዴው ጣቃውን። እሷ የምታሳየው ነገር አልነበራትም። «የእርዳታ ሠራተኞች ተኩስ ወዳለበት አገር ከመሄዳቸው በፊት፣ ሄደው በሰላም ይመለሱ እንደሆነ አጣራለሁ» ስትል ሰሚው ዐይኑን ያፈጥባትና «ለአንቺስ ማን ያጣራልሻል?» ይላታል። እናቷ ጠይባ ደግሞ ነገሩን በአጭሩ ቆርጣ፣ ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ሰው የሚሸሸውን ፍለጋ ትሄዳለች» ትል ነበር።

ጠይባና ባሏ ሙናዊር ከስልጤ አገር መጥተው መርካቶ ላይ ጎጆ የቀለሱ ናቸው። ሙናዊር የሴት ጨርቅ በጅምላ ያከፋፍል ነበር፤ ሻሹ፣ ድሪያው፣ ሽርጡ ከሱ ሱቅ እየወጣ እስከ ቆላው ጠረፍ ይደርሳል። ሱቁ ላይ ቆጥ ነበረው። ሀፍሷ ያደገችው እዚያ ቆጥ ላይ፣ በጣቃ መሀል ተሸጉጣ ትምህርቷን እያጠናች ነው። አርብ አርብ የጁምዓ ሰጋጅ ከመስጊዱ ተርፎ መንገዱን ሲያለብሰው ከላይ ሆና ታያለች። ሰላቱ ሲያበቃ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ አንድ ሕፃን እንኳ ሳይረገጥ ይበተናል። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይደንቃት ነበር።

«አባ፣ እንዴት አይረጋገጡም?» አለችው አንድ ቀን።

«እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው ያያላ» አላት።

ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ ሀፍሷ ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ኮረዳ ነበረች። መርካቶ ጭር አለ። መርካቶ ጭር ሲል ያላየ ሰው ጭርታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ወሬው ግን አልተዘጋም፤ አንዱ ጎረቤት በግንቡ በኩል «አለቀልን» ይላል፣ ሌላው «ኧረ ምንም የለም፣ ክፈቱ» ይላል። ሙናዊር ልጁን ጠርቶ በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ ቦኖ ውሃው እንድታይ አደረጋት።

«ወሬ መንገድ አያሳይሽም» አላት። «ሴቶቹ ባልዲ ይዘው ሲወጡ ንገሪኝ። እናት ልጇን ቤት ትታ ከወጣች መንገዱን አምናዋለች ማለት ነው።»

ሙናዊር ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ በልብ ሕመም ሞተ፤ ሱቁን ጠይባ ያዘችው። ሀፍሷ ከዩኒቨርሲቲ በጂኦግራፊ ተመርቃ አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ሆና ገባች። ሥራዋ ወደ ገጠር የወጡትን መኪኖች በድምፅ መከተል ነበር፤ የት ደረሳችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ በርቱ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከቆላ መንገድ አንድ ሾፌር ጠራት።

«ሀፍሷ፣ ከፊታችን ዛፍ ወድቆ መንገዱን ዘግቶታል። ወርደን ልናነሳው ነው።»

«አትውረዱ! ወደ ኋላ ተመለሱ!»

መልስ አልመጣም። ደጋግማ ጠራች፤ ሬዲዮው ሹ የሚለውን ድምፁን ብቻ መለሰላት። ዛፉ አልወደቀም፤ ያደፈጡ ታጣቂዎች ቆርጠው ጥለውት ነበር። ከሁለቱ ባልደረቦቿ አንደኛው ቆስሎ ተመለሰ። ሾፌሩ አልተመለሰም።

ከቀብሩ በኋላ አለቃዋ ዘይኑዲን ዘንድ ገብታ፣ የጸጥታ ሥጋት ግምገማው ላይ መድቡኝ አለች። ዘይኑዲን ደግ ሰው ነበር፤ ሐሳቡ ግን አልተዋጠለትም።

«ሴት ልጅ በታጠቀ ሰው መሀል እንዴት ትሆኛለሽ?»

«የታጠቀውንስ የወለደችው ማን ሆነችና፣ ጋሼ?» አለችው።

ዘይኑዲን ሳይወድ ሳቀ፤ ናይሮቢ ለሥልጠና ላካት። እዚያ ያስተማሯት ነገር ጠቃሚ ነበር፤ ፈንጂ የተቀበረበት መሬት ምን እንደሚመስል፣ ኬላ ላይ እጅ የት እንደሚቀመጥ፣ ተኩስ ሲነሣ ከመኪና በየት በኩል እንደሚወረድ። የቀረውን ግን መርካቶ አስተማራት። ጠዋት ወደ ቢሮ ከመሄዷ በፊት በእህል በረንዳ በኩል ታልፋለች፤ ከየት አገር እህል እንዳልገባ ካወቀች የትኛው መንገድ ክፉ እንደሆነ ትገምታለች። መሳለሚያ ላይ ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ሻይ ትጠጣለች። ሾፌር ፈራሁ አይልም፤ የት አድሮ እንደመጣ ግን ይናገራል። የለመደውን ከተማ ዘሎ ሌላ ቦታ ካደረ ሀፍሷ ነገሩን በልቧ ትይዘዋለች።

ከዚያ ቦርሳዋን አንግታ ራሷ ትሄዳለች። ሽማግሌውን፣ ታጣቂውን፣ ውሃ ቀጂዋን አነጋግራ ትመለሳለች፤ ተመልሳም «ይሂዱ» ወይም «አይሂዱ» ትላለች። «አይሂዱ» ማለት ከባድ ነበር፤ መንገዱ ማዶ ሁልጊዜ የሚጠብቅ ሰው አለ።

በዘጠና አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በድርቁ ጊዜ፣ ገርሙሳ ከሚባል የቆላ ሸለቆ ክፉ ወሬ መጣ። ሸለቆውን የደረቀ ወንዝ ለሁለት ይከፍለዋል። በላይኛውና በታችኛው ዳር የሚኖሩት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጋቡ፣ አንድ ገበያ የሚውሉ ነበሩ። ውሃ ሲጠፋ በአንድ ጉድጓድ ተጣሉ፤ ሰው ሞተ፤ ደም ደምን ጠራ። ወንዶቹ መሣሪያ ይዘው ከወንዙ ግራና ቀኝ ኮረብታው ላይ መሸጉ። ወደ ሸለቆው ጤና ኬላ የሚወስደው ብቸኛ መንገድ በመሀላቸው ስለሚያልፍ የጥይት መመላለሻ ሆነ። እህል የጫነ አንድ መኪና ተመትቶ ረዳቱ ቆሰለ። በዚህ ሁሉ ላይ ኩፍኝ ገባ፤ በረሃብ የከሳውን ሕፃን ሁሉ ይዞ ይሄድ ጀመር።

የክትባት ቡድኑ መሪ ነርስ የሺ ነበረች። መድኃኒቱ ተዘጋጅቷል፣ መኪናው ቆሟል፣ የሚጠበቀው የሀፍሷ ቃል ብቻ ነው። ሀፍሷ የሸለቆው አፍ ላይ እስካለችው ከተማ ሄዳ ተመለሰችና «አይሂዱ» አለች። የሺ ቢሮዋ ድረስ መጣችባት።

«ልጆቹ እየሞቱ ነው፣ ሀፍሷ።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅሽ ነው አይሆንም የምትይው?»

«አንቺን ልኬሽ መንገድ ላይ ብትቀሪ፣ ካንቺ በኋላ ማንም አይሄድም። ያን ጊዜ ልጆቹን ማን ይደርስላቸዋል?»

የሺ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። ሀፍሷ አልተቀየመቻትም። የእግሯ ኮቴ እስኪርቅ ጠብቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ከቢሮ ወጥታ በቀጥታ ወደ እናቷ ሱቅ ሄደች። ጠይባ ሻሽ እያጣጠፈች ነበር።

«ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

«ገርሙሳ ነው፣ እማ። ሰው መላክ አልቻልኩም።»

ጠይባ ማጣጠፏን ተወች። «የነራህማ አገር?»

የገርሙሳ ነጋዴዎች የጠይባ የቆዩ ደንበኞች ናቸው። በተለይ ሁለት ሴቶች፣ ራህማ ከታችኛው ዳር፣ ጠሂራ ከላይኛው ዳር፣ ለዓመታት በአንድ መኪና እየመጡ፣ መሳለሚያ አንድ አልቤርጎ ውስጥ ክፍል እየተጋሩ፣ ጨርቃቸውን ገዝተው አብረው ይመለሱ ነበር። ግጭቱ ሲነሣ ሁለቱም እዚሁ አዲስ አበባ ነበሩ፤ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ክፍላቸውን ለይተዋል፤ መንገድ ላይ ቢገናኙም ፊታቸውን ያዞራሉ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለች ጠይባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ራህማ ጠዋት ትመጣና ‹ጠሂራ ደህና ናት? ትበላለች? እኔ ጠየቅሁ እንዳትያት› ትለኛለች። ከሰዓት ደግሞ ጠሂራ መጥታ ያንኑ ስለ ራህማ ትጠይቀኛለች፤ እሷም አደራ ትለኛለች። እኔ መሀል ገብቼ የሁለቱንም ናፍቆት ተሸክሜ እውላለሁ።»

ሀፍሷ ቀና አለች። በገርሙሳ ጉዳይ ስንት ሹም፣ ስንት ሽማግሌ አነጋግራለች፤ ሁሉም ያወሯት ጥላቻው የት እንደደረሰ ነው። ጥላቻው ያልደረሰበትን ቦታ የነገራት ግን እናቷ ብቻ ሆነች።

«እማ፣ ሁለቱንም ጥሪልኝ።»

በማግስቱ ጠይባ፣ አንዷ የሌላዋን መምጣት ሳታውቅ፣ ሁለቱንም ወደ ቆጡ አወጣቻቸው። ራህማ ጠሂራን ስታይ ደረጃውን ልትመለስ ዞረች። ያን ጊዜ ጠሂራ ካለችበት ሳትነሣ፦

«ልጅሽ በሰላም ተገላገለች?» አለቻት።

ራህማ ቆመች። «በምን ልወቅ? መንገዱ ተዘግቷል እኮ» አለችና እንባዋ መጣ። ጠሂራ ተነሥታ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሁለቱ ተላቀሱ።

ሲረጋጉ ሀፍሷ የመጣችበትን ጠየቀች። «እትዬ ራህማ፣ እትዬ ጠሂራ፣ ወንዶቹ በማን ላይ አይተኩሱም? በመንግሥት ላይ ይተኩሳሉ፣ መኪናን ይመታሉ። የማይደፍሩት ማንን ነው?»

«እናታቸውን» አለች ጠሂራ ሳታስብ።

«እኛ አገር ልጅ በእናቱ ራስ ላይ አሻግሮ አይተኩስም» አለች ራህማ። «ከተኮሰ የጠባው ጡት ይፋረደዋል። ከሰው አይቆጠርም።»

ይህን ብለው ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ሀፍሷ በኋላ ለእናቷ ስታወራው፣ ነገሩ የተወለደው በዚያ በተያዩበት ቅጽበት ነው ትላለች።

«እናቶቹ መንገዱ ዳር ቢቀመጡ...» አለች ጠሂራ።

«ጀርባቸውን ለመንገዱ፣ ፊታቸውን ለየልጆቻቸው» ብላ ራህማ ጨረሰችው።

ሀፍሷ ደነገጠች። «ኧረ በአላህ! እኔ ይህን አልጠየቅኋችሁም። ሰው ጥይት ፊት ተቀመጡልኝ ማለት አልችልም።»

«አንቺ መቼ አልሽ፣ ልጄ?» አለቻት ጠሂራ። «የሚተኩሱት ልጆቻችን፣ የሚሞቱት የልጅ ልጆቻችን። ከኛ ሌላ ማን ይቀመጥ?»

ሀፍሷ፣ «ቃላችሁን አምናለሁ። በቃል ብቻ ግን ነርስ አልልክም። ፊት እኔ ገብቼ አያለሁ፤ ካልሆነም አልሆነም እላለሁ» አለች።

ሲወጡ ጠይባ ልጇን ደረጃው ሥር ያዘቻት። «ሂጂ አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም» አለቻት። «ዱዓዬ ግን ከፊትሽ ይሄዳል።»

መኪናውን የሚነዳው አበራ የሚባል ሽበታም ሾፌር ነበር፤ ያኔ መንገድ ላይ በተገደለው ሾፌር ቀብር ላይ ሬሳ የተሸከመ ነው። ራህማና ጠሂራ ከኋላ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ሲወጡ ሻንጣቸውን በመሀላቸው አድርገው ነበር፤ ቆላው ሲጀምር ሻንጣው ወለሉ ላይ ወርዶ ጠሂራ የራህማ ትከሻ ላይ አንቀላፍታ ነበር። ሸለቆው አፍ ላይ ከምትገኘው ከተማ ሲደርሱ ወረዱ። ተሳሳሙና አንዷ ወደ ላይኛው፣ አንዷ ወደ ታችኛው ዳር በየወገናቸው የእግር መንገድ ሄዱ።

ሀፍሷና አበራ ከተማዋ ውስጥ ሆነው ጠበቁ። መጠበቅ የሥራዋ ግማሽ ነው፤ እንደዚያ ጊዜ ግን ጨንቋት አያውቅም። ሊበላሽ የሚችለውን ሁሉ እያሰበች ትውላለች። ወንዶቹ ሴቶቹን ከቤት ቢከለክሉስ? አንዱ ወገን መጥቶ ሌላው ቢቀርስ? አንድ ከሰዓት በኋላ ቅቤ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት አጠገቧ አልፋ ስትሄድ፣ ሳትቆም «ነገ ጠዋት ኑ ብለዋችኋል» አለቻት።

ጠዋት ተነሡ።

«ጋሼ አበራ፣ ቀስ ይበሉ። መስኮቱንም እንክፈተው፤ ፊታችንን ይዩት።»

የመጨረሻውን ኩርባ ሲዞሩ አበራ ሳያስበው ፍሬን ያዘ። «እግዚኦ» አለ በለሆሳስ።

ከወንዙ መግቢያ ጀምሮ ዐይን እስኪደክም ድረስ፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሴቶች ተቀምጠዋል። አሮጊቶች አሉ፤ እርጉዞች አሉ፤ ጡት የሚያጠቡ አሉ። በግራ የላይኞቹ፣ በቀኝ የታችኞቹ። ጀርባቸው ወደ መንገዱ ነው፤ እያንዳንዷ ቀና ብላ የምታየው የራሷ ባል፣ የራሷ ልጅ መሣሪያ ደግኖ የተኛበትን ኮረብታ ነው። ሻሾቻቸው በዚያ በነጣ አሸዋ ላይ ቀይ፣ ብርቱካን፣ አረንጓዴ ሆነው ይንቦገቦጋሉ። ሀፍሷ ጨርቆቹን አወቀቻቸው፤ ብዙዎቹ ከእናቷ ሱቅ የወጡ ነበሩ።

መኪናው በሰው እርምጃ ገባ። አንዲት ሴት እንኳ ዞራ አላየችም። የሚሰማው ጎማው ጠጠር ሲረግጥና እዚህም እዚያም ሕፃን ሲስል ብቻ ነው። ሀፍሷ ብዙ መንገድ አይታለች፤ ወታደር የሚጠብቀውን፣ የተፈራረሙበትን፣ አላህ ብቻ የሚያውቀውን። በእናቶች ጀርባ የታጠረ መንገድ ግን አይታም ሰምታም አታውቅም። መስጊድ ደጃፍ የደረሰች ይመስል ጫማዋን ማውለቅ አማራት።

ወንዙ መሀል ሲደርሱ ከግራው ኮረብታ አንድ ጎረምሳ ጠብመንጃውን ይዞ ብድግ አለ። አበራ መኪናውን አቆመ። ሀፍሷ እጇን በሚታይ ቦታ አስቀመጠች። ከተቀመጡት መሀል አንዲት ቀጭን አሮጊት ምርኩዟን ተደግፋ ተነሣች። አልጮኸችም። ስሙን ጠርታ አንድ ነገር ብቻ አለችው። ልጁ ቆመ። እሷም ቆመች። ነፋሱ የአሮጊቷን ቀሚስ ያንቀሳቅሰዋል፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ከብዙ ቆይታ በኋላ ልጁ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። አሮጊቷም ከዚያ በኋላ ተቀመጠች።

ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ የጠበቀቻቸው ጠሂራ ነበረች። ሀፍሷ መጀመሪያ የጠየቀቻት ያንኑ ነው።

«ምንድን ነው ያለችው?»

«‹ቁመትህን አየሁት፣ አድገሃል፤ አሁን ተቀመጥ› ነው ያለችው።»

«እትዬ ራህማስ የት አሉ?»

ጠሂራ ወደ ቀኙ ሰልፍ አመለከተቻት። ራህማ ጫፍ ላይ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ተቀምጣለች። ልጇ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ የልጇ የበኩር ልጅ ግን አያቱ ራህማ ከመድረሷ በፊት በኩፍኝ ሞቶ ተቀብሯል። ራህማ መቃብሩን ስማ ተነሣች፤ ከቤት ቤት እየዞረች የታችኛውን ዳር እናቶች ያሰባሰበችው እሷ ናት። ሀፍሷ ሄዳ ከኋላዋ ተንበረከከች።

«እትዬ ራህማ፣ አላህ ያጽናዎት። ምን እንደምል አላውቅም።»

«ነርሷን ጥሪ» አለች ራህማ ፊቷን ሳታዞር። «ሌላ የምትይው የለም።»

«ነገስ? ከነገ ወዲያስ?»

«ሕፃናቱ ተከትበው እስኪያበቁ እንቀመጣለን።»

ሀፍሷ ወደ መኪናው ተመልሳ ሬዲዮውን አነሣች። የሺ ቢሮ ሆና ትጠባበቅ ነበር።

«የሺ፣ ኑ።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አለች የሺ።

«እርግጠኛ ነኝ። ነይ፣ ታያለሽ።»

የሺ መጣች። እሷም በዚያ መንገድ ስታልፍ እያለቀሰች ነው የገባችው፤ ወርዳም ሀፍሷን አቅፋ ሥራዋን ጀመረች። የላይኞቹ ሕፃናት በአንድ በር፣ የታችኞቹ በሌላው እየገቡ ይከተቡ ጀመር፤ በማግስቱ ግን በሩን የሚለይ ሰው አልነበረም። ሴቶቹ እየተተካኩ ይቀመጣሉ፤ አንዷ ልጇን ልታስከትብ ስትነሣ ጎረቤቷ ቦታዋን ትሸፍናለች።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሩቅ ጥይት ጮኸ። ማንንም አልነካም። ሴቶቹ ጎንበስ አሉ እንጂ አንዲቷም አልተነሣችም። ሀፍሷ ግን ሥራውን ወዲያውኑ አስቆመች። የሺም በዚህ ጊዜ አልተከራከረችም፤ የክትባቱን ሳጥን ዘግታ ከጤና ኬላው ግንብ ሥር ገባች። በማግስቱ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች የተኮሰውን ሰው ይዘው፣ መሣሪያውን ጤና ኬላው ደጃፍ አምጥተው አስቀመጡ፤ አባቱም ስለ ልጁ ማለ። ሀፍሷ አባትየውን ለብቻው አነጋግራ፣ ዐይኑን አይታ፣ «ቀጥሉ» አለች። የቀሩት ሕፃናትም ተከተቡ። ከድርጅቱ ሰዎች አንድም ሰው ሳይጫር ወጡ።

ገርሙሳ ላይ ሰላም በዚያው ወረደ ማለት ሐሰት ነው። ዝናብ እስኪመጣና ሽማግሌዎቹ ደሙን እስኪያደርቁት ብዙ ጊዜ ወሰደ። ግን ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ የተኮሰ የለም። ራህማና ጠሂራም ቆይተው በአንድ መኪና መርካቶ መጡ፤ ጠይባ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ሻሽ ቀለም ሲጨቃጨቁ ዋሉ።

ወሬው ቢሮ ውስጥ ሲዳረስ ዘይኑዲን ሀፍሷን አስጠራት። ሌላ አገር፣ ሌላ ግጭት፣ ሌላ የተዘጋ መንገድ ነበር። «ይህ የገርሙሳው ዘዴ እዚያም ቢሞከርስ?» አላት።

«ዘዴ አይደለም፣ ጋሼ» አለችው። «እኔ እናቶችን ጥይት ፊት ላስቀምጥ አልሄድም። እነሱ ራሳቸው ተቀመጡ። እኔ የደረሰኝ ማየት ነው። ወደዚያኛው አገር ሄጄ አጣራለሁ፤ መንገዱ ካልሆነ አይሆንም እላለሁ።»

ዘይኑዲን አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አላስገደዳትም። ወደዚያኛው አገር ሄደች፤ ስትመለስም «አይሂዱ» አለች።

ሀፍሷ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ዓመት ቆየች። ሌሎች ልጆችም ከሥሯ ወጡ፤ ኬላ ላይ እጅ የት እንደሚቀመጥ አስተምራቸዋለች። ስለ ገርሙሳ ግን ሥልጠና ላይ አውርታ አታውቅም። ያወራችው ለእናቷ ነው፤ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሱቁ ገና ሳይሞቅ።

«ፈርተሽ ነበር?» አለቻት ጠይባ።

«ስንገባ ፈርቼ ነበር። ካለፍን በኋላ ግን የበለጠ ፈራሁ።»

«ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ ምኑን?»

ሀፍሷ ቃል ፈለገች። «ሰውን፣ እማ። ሰው ሲከፋ ምን ያህል እንደሚከፋ አውቅ ነበር፤ ሥራዬ ስለሆነ። ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። ትልቅ ተራራ ሥር ስትቆሚ እንደምትፈሪው ነው የፈራሁት።»

ጠይባ የልጇን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ የመጀመሪያው ደንበኛ እስኪገባ ድረስ አልለቀቀችውም።